መጥቶ ክፍል ያጣ እንግዳ፦ የኦቨርቡኪንግና የዳታ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ ለታሪክ ጥናት የሚበቃ አይመስልም። 100 ክፍል ያለው ሆቴል ለአንድ ሌሊት ለ105 እንግዶች «ክፍል ይዘንልዎታል» ብሎ ቃል ይሰጣል። አምስቱ ክፍሎች የሉም፤ ሆቴሉም እንደሌሉ ያውቃል። ይህ አሠራር በብዙ አገሮች የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። አንዳንድ ሌሊት ግን አንድ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ እንግዳ መቀበያው ፊት ይቆምና ክፍል እንደሌለ ይነገረዋል። ካለው ክፍል ወይም ወንበር በላይ ማስያዣ የመቀበሉ አሠራር በሙያው ቋንቋ ኦቨርቡኪንግ ይባላል። ማታለል ነው ወይስ ሒሳብ? ሒሳብ ከሆነስ፣ በሒሳቡ ውስጥ ክፍል ያጣው ሰው ስንት ተብሎ ተመዘገበ? የገለጻዬ ጥያቄ ይህ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ዳታ የማይመጣውን እንግዳ ቁጥር ለመገመት ያስችላል፤ መጥቶ ቦታ ያጣውን እንግዳ ዋጋ ግን አይተምንም። ይህን ዋጋ የተመኑት ፍርድ ቤቶች፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችና በደላቸውን ይዘው የተከራከሩ ተጓዦች ናቸው። ታሪኩ በአመዛኙ የተፈጸመው በአሜሪካ ሲሆን፣ ሆቴሎቹ ብዙውን ነገር የተማሩት ከአየር መንገዶች ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን እያየን እንሄዳለን። ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩን ከሥሩ እንመልከት። የጤፍ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጣል። የሆቴል ባለቤት ግን ትናንት ማታ ባዶ ያደረውን ክፍል ዛሬ ሊሸጠው አይችልም፤ ሌሊቱ ካለፈ ዕቃው ጠፍቷል። በተነሣ አውሮፕላን ላይ ያለ ባዶ ወንበርም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል፣ ለረጅም ዘመን ክፍል ወይም ወንበር ማስያዝ ገንዘብ የማይጠየቅበት ነገር ነበር። ደብዳቤ የጻፈ፣ ቴሌግራም የላከ ወይም ስልክ የደወለ ሰው ስሙ ይመዘገብለታል፤ ሳይመጣ ቢቀር የሚከፍለው የለም። ስለዚህ አንደኛው ወገን በቃሉ ሲታሰር ሌላኛው ነፃ ነበር። ኦቨርቡኪንግ የተወለደው ከዚህ ሚዛን ማጣት ነው። ሆቴሉ በእያንዳንዱ እንግዳ ቃል ሊተማመን ስላልቻለ በብዙ እንግዶች አማካይ ጠባይ መተማመን ጀመረ።

ከኮምፒውተር በፊት የነበረው መሣሪያ መዝገብ፣ ካርድና የሠራተኛው ልምድ ነበር። ነባር የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ የትኛው ቀን እንግዳ እንደሚቀር፣ የትኛው ድርጅት ለመንገደኞቹ አብዝቶ እንደሚያስይዝ በልምድ ያውቃል። መዝገቡ ግን ይህን ዕውቀት አይዝም ነበር። ሌሊቱ አልፎ ገጹ ከተገለበጠ በኋላ ስንት ሰው አስይዞ ስንቱ እንደቀረ ለመቁጠር ጊዜ ያለው አልነበረም። ትላልቆቹ የሆቴል ድርጅቶች ሥራውን ወደ አንድ ማዕከል ማምጣት የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ሂልተን በ1955 ሂልክሮን የተባለ ማዕከላዊ የሪዘርቬሽን ቢሮ አቋቋመ።

አየር መንገዶቹ ቀድመው ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1946 ቦስተን ላይ ሪዘርቪዘር የተባለ፣ ክፍት ወንበር መኖሩን የሚያሳይ ኤሌክትሮሜካኒካል መሣሪያ ተከለ። በ1953 ደግሞ የአየር መንገዱ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ሲበሩ የአይቢኤም ሻጭ ከነበሩት ብሌር ስሚዝ ጋር አንድ አውሮፕላን ላይ ተገናኙ። ከዚያ ትውውቅ በኋላ ሴበር የተባለው የሪዘርቬሽን ሥርዓት ተወጠነ። በኒው ዮርክ ግዛት ብራያርክሊፍ ማነር በሁለት አይቢኤም 7090 ኮምፒውተሮች ሥራ ጀምሮ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ የአየር መንገዱን ሪዘርቬሽን ሁሉ ተረከበ። ኬሞንስ ዊልሰን በ1952 ሜምፊስ ላይ የመሠረቱት ሆሊዴይ ኢንም በ1965 ሆሊዴክስ የተባለ የራሱን ሥርዓት ዘረጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። እነዚህ ሥርዓቶች ሲታቀዱ ከዓላማዎቻቸው አንዱ አንድ ወንበር ወይም አንድ ክፍል በስሕተት ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ መከላከል ነበር። ሆን ብሎ ከአቅም በላይ መሸጥም ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረ ልማድ ነው፤ ኮምፒውተሩ አልፈጠረውም። ኮምፒውተሩ ያመጣው አዲስ ነገር ትውስታ ነው። ማን መቼ አስያዘ፣ መቼ ሰረዘ፣ መጣ ወይስ ቀረ የሚለው ሁሉ እንዲከማች ሆነ። ስሕተትን ለማስቀረት የተሠራው መዝገብ ከአቅም በላይ መሸጥን በልክ ለመሥራት የሚያስችል ዳታ አስገኘ።

ልኩን ያሰሉት የሒሳብና የኦፕሬሽንስ ሪሰርች ሊቃውንት ናቸው። ማርቲን ቤክማን በ1958 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት የአየር መንገድ ሪዘርቬሽንን እንደ ውሳኔ ችግር አቀረቡ። ማርቪን ሮትስታይን በ1971 ስለ አየር መንገዶች፣ በ1974 ደግሞ በቀጥታ ስለ ሆቴል ኦቨርቡኪንግ ጻፉ። የብሪታንያው ቦአክ ባልደረባ ኬኔት ሊትልዉድ በ1972 እስራኤል ናታንያ ላይ በተደረገ የሙያ ጉባኤ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ደንብ አቀረቡ፦ በቅናሽ ዋጋ የሚጠይቀውን ደንበኛ መቀበል የሚገባው፣ የቅናሹ ዋጋ ሙሉውን ዋጋ የሚከፍል ሰው በኋላ መጥቶ ከሚያስገኘው የሚጠበቅ ገቢ እስካላነሰ ድረስ ነው። በ1976 ሻውል ላዳኒ ስለ ሞቴሎች ሪዘርቬሽን፣ በ1978 ሊበርማንና የሒያሊ ስለ ሆቴል ኦቨርቡኪንግ ያቀረቧቸው ጥናቶች ተከተሉ። ላዳኒ በልጅነታቸው ከበርገን ቤልሰን ካምፕ የተረፉ፣ በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ለእስራኤል በእርምጃ ውድድር የተሳተፉና በዚያ ከደረሰው ግድያ ያመለጡ ሰው ናቸው። የዘርፉ መሥራቾች ከሆቴል ጠረጴዛ በጣም የራቀ ሕይወት እንደነበራቸው ለማስታወስ ያህል ነው።

ሒሳቡን በቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ የማስተማሪያ ናቸው። 100 ክፍል አለን፤ ካስያዙት ከ10 ሰዎች አንዱ ሳይመጣ ይቀራል፤ የአንዱ መቅረት ከሌላው መቅረት ጋር አይያያዝም እንበል። 100 ማስያዣ ብቻ ብንቀበል በአማካይ 10 ክፍል ባዶ ያድራል። 105 ብንቀበል፣ ከ100 በላይ እንግዳ የሚመጣው ከ100 ሌሊት ከ2 ባነሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ኦቨርቡኪንግ ባለሆቴሉንም፣ «ሞልቷል» ተብሎ ይመለስ የነበረውን እንግዳም ይጠቅማል። ስለዚህ አሠራሩን በጅምላ ማውገዝ ትክክል አይመስለኝም።

እስከ ስንት ድረስ እንቀበል? ሕጉ ይህ ነው፦ አንድ ተጨማሪ ማስያዣ በመቀበል የሚገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት እስኪተካከል። ክፍል ያጣ እንግዳ የሚያደርሰው ጉዳት ባዶ ክፍል ከሚያደርሰው ጉዳት 3 እጥፍ ነው ብለን ካመንን፣ በምሳሌያችን 109 ማስያዣ መቀበል አለብን። ውጤቱም ከ100 ሌሊት ከ20 በላይ በሚሆነው ቢያንስ አንድ ሰው ደጅ ላይ መቅረቱ ነው። ጉዳቱ 20 እጥፍ ነው ካልን ደግሞ መልሱ 106 ይሆናል፤ ሰው የሚመለስበት ሌሊትም ከ100 ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። በሁለቱም ስሌት ዳታው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ የሒሳቡ ሊቅም አንድ ሰው ነው። የተለወጠው የአንድ ሰው መንገላታት የተሰጠው ዋጋ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ድርጅቱ ብቻውን የሚተምነው ከሆነ፣ ለሌላ ሆቴል የሚከፍለውን የአንድ ሌሊት ኪራይና የታክሲ ሒሳብ ደምሮ ሊያቆም ይችላል። እንግዳው ያመለጠው ሠርግ፣ ያረፈደበት ስብሰባ፣ በማያውቀው ከተማ በሌሊት የተንከራተተበት ድካም በሆቴሉ መዝገብ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

ዓምዱን በግድ ያስከፈቱ ክርክሮች በ1970ዎቹ ተደረጉ። ሁለቱን ልጥቀስ።

በሚያዝያ 1972 ታዋቂው የሸማቾች መብት ተሟጋች ራልፍ ናደር ከዋሽንግተን ወደ ሃርትፎርድ ለመብረር አሌጌኒ አየር መንገድ ላይ ወንበር አስይዘው ነበር። አውሮፕላኑ 100 ወንበር ነበረው፤ የተረጋገጠው ማስያዣ ግን 107 ነበር። ናደር ቀሩ። አየር መንገዱ ያቀረበላቸውን ካሳ አልቀበልም ብለው ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለደረሰባቸው ጉዳት 10 ዶላር፣ ለመቅጫ ደግሞ 25,000 ዶላር ፈረደላቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ፤ የተጓዡ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ሕጉም ራሱ እንዳልቆረጠ ታያላችሁ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ካሳ ባይፈርድም፣ ኦቨርቡኪንግ መኖሩን ሳይነግሩ የተረጋገጠ ማስያዣ መስጠት በማሳሳት ሊያስከስስ እንደሚችልና የአቪዬሽን ሕጉም ይህን ክስ እንደማይከለክል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ራሱ ዋጋ ያለው ሆነ።

ሁለተኛው የሃዋይ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 የወሰነው የአውትሪገር ሆቴል ጉዳይ ነው። በ1968 ከዋናው የአሜሪካ ምድር ወደ ዋይኪኪ የመጡ እንግዶች የተረጋገጠ ማስያዣ ይዘው ሳለ ክፍል የለም ተብለው ወደ ሌላ ሆቴል ተላኩ። በክርክሩ እንደታየው ሆቴሉ የእንግዶቹን ክፍያ ተቀብሎ፣ ለተላኩበት ሆቴል ያነሰ ዋጋ ከፍሎ፣ ልዩነቱን ለራሱ አስቀርቷል። በዚህ ጊዜ እንግዳ መመለስ ጉዳት መሆኑ ቀርቶ ትርፍ ሆኗል፤ በእኛ ቀመር ብታስገቡት ኦቨርቡኪንግ ልክ የለውም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ውል በእንዲህ ያለ ግዴለሽነት ሲፈርስ እንግዳው ለመንፈስ ጭንቀቱና ለብስጭቱም ካሳ ማግኘት እንደሚችል አጸና። ያ የሌለው ዓምድ በዚህ መንገድ ተከፈተ።

ከዚሁ ጋር አንድ የኢኮኖሚክስ ሐሳብ እየበሰለ ነበር። ጁልየን ሳይመን በ1968 አጭር ጽሑፍ አሳትመው እንዲህ አሉ፦ አውሮፕላን ከአቅም በላይ ሲሞላ፣ ተጓዦቹ ስንት ቢከፈላቸው ወደሚቀጥለው በረራ ለመዛወር እንደሚፈቅዱ በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ ዝቅተኛውን የጠየቀ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ይቅር። አየር መንገዶቹ ለዓመታት አልሰሟቸውም። በ1978 ግን በኢኮኖሚስቱ አልፍሬድ ካን ይመራ የነበረው የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ፣ ሰውን በግድ ከማስቀረት በፊት በካሳ ፈቃደኛ ተጓዥ መፈለግን ግዴታ አደረገ። የጉዳቱን መጠን ተጎጂው ራሱ እንዲናገር ዕድል ተሰጠ። በእኔ አመለካከት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ያላነሰ ፈጠራ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ዋጋ ከመንግሥት ቁጥጥር እንዲወጣ ሕግ ወጣ፤ ውድድሩም ጋለ። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1977 ሱፐር ሴቨር የተባለውን ቅናሽ አውጥቶ ነበር፤ በ1985 መጀመሪያ ደግሞ እንደ ፒፕል ኤክስፕረስ ያሉትን ርካሽ አየር መንገዶች ለመቋቋም ይበልጥ ቅናሽ ያለው ትኬት አቀረበ። ስልቱ ለቅናሽ የሚሸጡትን ወንበሮች ብዛት በየበረራው በዳታ መወሰን ነበር። ፒፕል ኤክስፕረስ በዝቅተኛ ዋጋው ሊወዳደር ሲችል እንዲህ ያለ የዳታ መሣሪያ አልነበረውም፤ ከ1987 በኋላ ስሙ ጠፋ። አሠራሩ ይልድ ማኔጅመንት ተባለ። የአሜሪካን ኤርላይንስ ባለሙያዎች በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማስያዣ በወንበር ብዛት ብቻ ቢገደብ ተሽጠው ባለቁ በረራዎች ላይ 15 በመቶ ያህሉ ወንበር ባዶ ይሄድ እንደነበር፣ አጠቃላይ ሥርዓቱም በ3 ዓመት 1.4 ቢሊዮን ዶላር እንዳስገኘ ገልጸዋል።

ሆቴሎች፣ በተለይም ማሪዮት፣ አሠራሩን ወደ ራሳቸው ያመጡት በ1980ዎቹ ነው። በኮርኔል የሆቴል ትምህርት ቤት ሼሪል ካይምስ በ1989 ያሳተሙት ጽሑፍ ለሙያው መማሪያ ሆነ። ሆኖም ሆቴል እንደ አውሮፕላን አይደለም። አውሮፕላን ሁሉንም በአንድ ሰዓት ይዞ ይነሣል። የሆቴል እንግዳ ግን አንዱ ለአንድ ሌሊት፣ ሌላው ለሳምንት ይመጣል፤ አንዱ ከቀኑ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላው ቆይታውን ያራዝማል። ለማክሰኞ የተቀበልነው ማስያዣ የረቡዕንና የሐሙስን ሌሊት ይነካል። ስለዚህ የሆቴል ዳታ ሳይመጡ የቀሩትን መቁጠር ብቻ ሳይሆን የቆይታን ርዝመትም መያዝ አለበት። ሌላም ልዩነት አለ። በአሜሪካ ለአየር መንገዶች ከወጣው ጋር የሚመጣጠን የፌዴራል የካሳ ደንብ ለሆቴሎች አልወጣም። በአውሮፓም በ1991 የወጣውና በ2004 የተተካው የካሳ ደንብ የአየር ተጓዡን ይመለከታል። የሆቴል እንግዳ በአመዛኙ የሚደገፈው በውል ሕግና በሆቴሉ መልካም ፈቃድ ነው።

ደንብ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የሚያዝያ 2017ቱ የቺካጎ ክስተት አሳይቷል። በዩናይትድ ኤክስፕረስ በረራ ለአራት የድርጅቱ ሠራተኞች ቦታ ተፈልጎ፣ ተጓዦች ከተሳፈሩ በኋላ ፈቃደኛ ተጠየቀ። የካሳው ጥሪ 800 ዶላር ላይ ቆመ፤ በቂ ፈቃደኛ አልተገኘም፤ አንድ ተጓዥ በጸጥታ ሠራተኞች እየተጎተተ ወረደ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የካሳውን ጣሪያ ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አደረገ። የሳይመን ሐሳብ የሚሠራው ዋጋው ፈቃደኛ እስኪገኝ ድረስ እንዲወጣ ከተተወ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ግን የቀረው መንገድ ጉልበት ይሆናል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? በገና ሰሞን ላሊበላን፣ በጥምቀት ሰሞን ጎንደርን፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲካሄድ አዲስ አበባን አስቡ። ቅድም የሠራነው ምሳሌ ሁለት ዝም ያልናቸው ግምቶች አሉበት። አንደኛው የእንግዶች መቅረት እርስ በርሱ አይያያዝም የሚለው ነው። በቡድን የሚመጣ እንግዳ ግን በቡድን ይመጣል፣ በቡድንም ይቀራል፤ አንድ የጉዞ ወኪል ሲሰርዝ ብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሁለተኛውና የከፋው፣ የተመለሰ እንግዳ በአቅራቢያው ሌላ ክፍል ያገኛል የሚለው ግምት ነው። በበዓል ሌሊት ከተማው ሁሉ ሞልቷል። ሰው የሚቀርበት ዕድል የሚያንሰው፣ ለተመለሰውም መጠጊያ የሚጠፋው በዚያው በአንዱ ሌሊት ነው። ስለዚህ የዓመቱን አማካይ ወስዶ ለጥምቀት ዋዜማ የሚያሰላ ሰው ዳታ ቢኖረውም ዕውቀት የለውም።

ሕግን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ እንግዳ ማሳደሪያ ውል የሚደነግግ ክፍል አለው፤ የሕግ ተማሪዎች ከኦቨርቡኪንግ ጋር አገናዝበው ቢመረምሩት ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከተጻፈው ሕግ በፊትም የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚባልበት ባህል አለን። ሆቴል ንግድ እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ ይህን ባህል እንዳለ ወደ ንግድ ማምጣት አይቻልም። ነገር ግን ባህሉ አንድ ጠቃሚ ነገር ያውቃል፦ የመሸበት ሰው ከማለዳው ሰው እኩል አይደለም፤ አማራጩ ጠብቧልና። የተመለሰ እንግዳ ዋጋ በሰዓትና በሁኔታ መለያየቱን ከማንኛውም ቀመር በፊት አባቶቻችንና እናቶቻችን ተረድተውታል።

ለተማሪዎቻችን ሦስት ነገር ላስቀምጥና ላብቃ። አንደኛ፣ በምትሠሩበት ቤት ሁሉ የእያንዳንዱን ማስያዣ ፍጻሜ መዝግቡ፤ መጣ፣ ሰረዘ፣ ቀረ፣ ተመለሰ። ዋናው ሀብት ይህ ቀላል መዝገብ ነው፤ ያለ እርሱ ውድ ሶፍትዌር መግዛት ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ የተመለሰውን እንግዳ ጉዳት የሚወክለው ቁጥር በቀመሩ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ጠይቁ፤ ማን ወሰነው? በምን መነሻ? መቼ ተከለሰ? ሦስተኛ፣ ሰው መመለሱ የግድ ከሆነ ቁርጡ እኩለ ሌሊት ላይ ደክሞ በደረሰው ላይ እንዳይወድቅ አስቀድማችሁ ፈቃደኛ ፈልጉ። አስቀድሞ የተነገረውና በፈቃዱ የተስማማ ሰው የውል ተካፋይ ነው፤ ደጅ ላይ የተነገረው ግን ተጎጂ ነው።

ኮምፒውተሩ የማይመጣውን ሰው በየዓመቱ ይበልጥ እያወቀው ሄዷል። የመጣውን ሰው ማወቅ የእኛ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።